ያን ብሬክ እሱ ነበር መምታት የነበረበት

ውድ ልጆች፣

ባለፈው ሳምንት የፑል ልምምድ ጨርሰን አንዷ ተማሪዬ ስቲኳን፣ ኳስ መምቻ ዘንጓን፣ እየፈታች «ጋሼ፣ ብሬኬ ድምፅ የለውም። እንዴት አድርጌ ነው ጠንክሬ የምመታው?» አለችኝ። 19 ዓመቷ ነው። የተደረደሩትን ኳሶች ስለሚበትነው የመክፈቻ ምት ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም። ያን ቀን ግን አፌ ተያዘ። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ቤት ገብቼም ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

ያኔ 28 ዓመቴ ነበር። የጥንድ ውድድር፣ ናይን ቦል (ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ያላቸው ኳሶች ከትንሹ ጀምሮ የሚመቱበት)፣ የፍጻሜ ጨዋታ። አጣማሪዬ ዝምተኛ ሰው ነበር። ብሬክ ከመምታቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል። ነጯን፣ በስቲክ የምትመታዋን ኳስ፣ ያስቀምጥና ከፊቷ ያለውን የጠረጴዛ ጨርቅ በአውራ ጣቱ አንዴ ዳበስ ያደርገዋል። ከዚያ ይመታል። ብሬኩ ቤቱን አያናውጥም። ነጯ ግን ከድርድሩ ፊተኛዋን ኳስ ሙሉ ለሙሉ ታገኛትና ጠረጴዛው መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። በዚያ ቀን ከዳር ያለችው ኳስ ስንት ጊዜ ማዕዘኑ ኪስ ውስጥ እንደገባችለት! ለእኔ የሚቀረኝ የተረፉትን ኪስ እያስገቡ ማጽዳት ብቻ ነበር።

8 ለ 8 ደረስን። ቀድሞ 9 ጨዋታ የሞላ ያሸንፋል። ብሬኩ የእኛ ነው፤ ከሁለታችን ማን እንደሚመታም የምንመርጠው እኛው ነን። ቀኑን ሙሉ የመታው እሱ ነው። ነጯን አንስቶ ሊያስቀምጥ ሲል እጄን ዘረጋሁ።

«ስጠኝ፣ እኔ ልምታ» አልኩት።

ለምን? ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ተጋጣሚያችን ጆሮ የሚያደነቁር ብሬክ መትቶ ሰዉ አጨብጭቦለት ነበር። እኔ ከእሱ እንደምበልጥ እንዲታይልኝ ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አያውቅም።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ነጯን መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

ኳሷን ከኋላው ጠርዝ ጥግ አድርጌ አስቀመጥኳት። ርቀቱ በበዛ ቁጥር ኃይሉ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። እዚያ ላይ ስትቆም ግን ስቲኩ ጠርዙን ለመሻገር የግድ ከኋላ ከፍ ይላል። እኔ ደግሞ በእልህ ጨብጬዋለሁ፤ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ስመታት ነጯ ከጨርቁ ተነሳች። ፊተኛዋን ኳስ ከወገቧ በላይ አገኘቻትና ተስፈንጥራ ከጠረጴዛው ወጣች። ወለሉ ላይ ነጠረች። ደገመች። ሠለሰች። ከዚያ እየተንከባለለች ሄዳ አንድ ተመልካች እግር ሥር ቆመች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነሳትና ለተጋጣሚያችን አቀበለው። ፋውል (የደንብ ጥሰት) ስለሆነ የፈለገው ቦታ አስቀመጣት። ከአንድ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ አጸዳ።

አጣማሪዬ ስቲኩን ፈታ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ምንም አይደል» አለኝ። እኔም «ይቅርታ» ማለት ሲገባኝ «ጨርቁ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ያንሸራትታል» አልኩት። በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ሰው ጋር ተመዘገበ። ዛሬ 61 ዓመቴ ነው። ዋንጫውን ረስቼዋለሁ። ያቺ የጨርቁ ነገር ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

በነገራችን ላይ ጨርቅ ብዙ ይናገራል። ብሬክ የሚመታበት ቦታ ላይ ትናንሽ ነጫጭ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ከሰበቃ የሚመጡ የቃጠሎ ምልክቶች ናቸው። ነጯ ከነበረችበት ራቅ ብሎ ወደፊት ሌላ ነጥብ ካለ፣ እዚያ የሚመታው ሰው ኳሷን እያዘለላት ነው። አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። መድኃኒቱ ነጯን ከጠርዙ አርቆ ወደ ብሬክ መስመሩ፣ ለብሬክ ነጯ ከኋላው ወደምትቀመጥበት መስመር፣ ማስጠጋት ነው። ያኔ ስቲኩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ አግድም አይሆንም፤ በቀነሰ ቁጥር ግን ዝላዩም ይቀንሳል።

ስለ ኃይል የጠየቀችኝን በቁጥር ላስረዳት። በትልቁ ጠረጴዛ መጫወቻው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ነው። ነጯ መስመሩ ላይ፣ ፊተኛዋ ኳስ ደግሞ ድርድሩ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ስትሆን መሃላቸው 127 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዕይታሽ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ ነጯ እዚያ ስትደርስ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ትስታለች። ኳሷ ራሷ ከ6 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። ስለዚህ ፊተኛዋን በሽራፊ ነው የምታገኛት፤ ይዛው ከመጣችው ጉልበት 15 በመቶ ያህሉ አብሯት ወደ ጎን ያመልጣል። ፍጥነትሽን በ5 በመቶ ብትጨምሪ ደግሞ ጉልበቱ የሚያድገው በ10 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ ላብሽን አፍስሰሽ ያመጣሽውን፣ ከዚያም በላይ፣ በአንዲት ዲግሪ ትሰጪዋለሽ ማለት ነው። እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው።

ስለ አቋቋምና ስለ ቾክ አልጽፍም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተምረውም። በኃይል ስንመታ ስቲኩን የጨበጠው የኋላ እጃችን ትንሽ መዛነፉ አይቀርም። የስቲኩ ጫፍ ከነጯ መሃል ወደ ግራ ከሄደ ኳሷን ወደ ቀኝ ይገፋታል። በዚያው ልክ ግን ስቲኩ ራሱ ወደ ግራ እያመለከተ ነው። ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ የሚደግፈው የፊት እጃችሁ ከነጯ በትክክለኛው ርቀት ላይ ካረፈ ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ፤ ነጯም ወደ ታለመላት ትሄዳለች። ያ ርቀት እንደ ስቲኩ ይለያያል። ለማግኘት አንዲት ኳስ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ነጯን መሃል ለመሃል አልሙ። የፊት እጃችሁን ሳታነቃንቁ የኋላውን ብቻ ወደ ጎን አዙራችሁ ጫፉን ከመሃል አውጡት፤ ከዚያ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ነጯ ጫፉ ወደዞረበት ጎን ካደላች የፊት እጃችሁን ከኳሷ አርቁ። በተቃራኒው ከሄደች አስጠጉ። ቀጥ ብላ ከሄደች ቦታውን ስቲኩ ላይ ምልክት አድርጉበት። ብሬክ የምትመቱት እጃችሁን ከዚያ ላይ አድርጋችሁ ይሁን።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ልናገር። ብሬክ መታችሁ የምታዩት የሚበተኑትን ኳሶች ነው። ስልክ ቀርጾ የሚያሳያችሁም እሱኑ ነው፤ ድምፁና ብትኑ ያምራል። ነጯን የሚያያት የለም። ጥሩ ብሬክ የሚታወቀው ነጯ በቆመችበት ነው። ውድ የብሬክ ስቲክ ትገዛላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ግን ብሬክን ብቻውን አትለማመዱም። ስልኩን አልጠላም። ያን ዓመት ቢኖረኝ፣ ቀስ አድርጌ አጫውቼ ነጯ መዝለሏን በገዛ ዓይኔ አይ ነበር። ዝቅ አድርጋችሁ በጨርቁ ልክ አስቀምጡትና ቅረጹ።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊው ተጫዋች ኮሪ ዱኤል በዩኤስ ኦፕን ናይን ቦል ውድድር ፍጻሜ ማይክ ሲግልን 11 ለ 0 ሲረታ ብሬኩ ለስለስ ያለ ነበር። ያን ስሰማ ተናደድኩ። ፍርሃት ነው አልኩ። በኋላ ሦስት ኳሶች ወይ ኪስ እንዲገቡ ወይ የብሬክ መስመሩን እንዲያልፉ የሚያስገድድ ደንብ ሲመጣ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው የተናደድኩት በዱኤል አልነበረም። አጣማሪዬ ያን አመታት ከዓመታት በፊት ዓይኔ ሥር ሲመታው ኖሯል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አልዋሻችሁም፤ ከባድ ብሬክ እወዳለሁ። ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የምትበር ነጭ ኳስ ፊተኛዋን ሙሉ ለሙሉ ስታገኛት የሚወጣውን ድምፅ የመሰለ ነገር የለም። እንዲኖራችሁ እፈልጋለሁ። ኃይል የሚመጣው ላላ ብሎ ከተያዘ እጅ ነው፤ የጨበጠ ጡንቻ ይዘገያል። ስቲኩ ከኋላ ለአፍታ ቆም ይበል፣ ከዚያ ይልቀቅ። ሰውነታችሁ ከእጃችሁ ቀድሞ ከተነሳ ስቲኩንም ይዞት ይነሳል።

አንቺ ልጄ፣ ሐሙስ ስትመጪ ዘጠኙን ኳሶች አላወጣልሽም። ነጯንና አንዲት ኳስ ብቻ እናስቀምጣለን። በግማሽ ኃይልሽ ትመቻለሽ። ነጯ አሥር ጊዜ ተከታትላ መሃል ላይ ከቆመች ትንሽ እንጨምራለን።