ልጄ 6 ወር ሊሞላው ነው፣ ምን ላብላው?

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። አማቴ አጥሚት በጡጦ ስጪው፣ ማርም ጠብ አድርጊበት ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሩ ይቅር! የጅማ ማር ነገር ይገባኛል፣ ግን 1 ዓመት ሳይሞላው ጠብታም አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። በጡጦ የሚጠጣ ቀጭን አጥሚትም ሆዱን በውኃ መሙላት ነው። 6 ወር ሲሞላው ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ገንፎ ስጪው፣ መጀመሪያ 2 ወይም 3 ማንኪያ፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ። ደግሞ አቮካዶ በሽበሽ በሆነበት አገር ምን ያስጨንቅሻል? የበሰለውን በሹካ ድፍጥፍጥ አድርጊና በጡትሽ ወተት አላልተሽ አቅምሺው። በደንብ የተቀቀለ እንቁላልም ይቻላል። በምላሱ ገፍቶ ቢተፋው ጠላው አትበይ፣ መዋጥ እየተለማመደ ነው፤ ነገ ድገሚው። ጡቱን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ አታቋርጪ። ለአማትሽ ማሩን በሻይ አቅርቢላቸው።