የቤት ጉዳይ፦ ጣሪያችን ላይ ሶላር ለመትከል ከማን ጋር እንፈራረም?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። አንዱ ከሜሪላንድ፣ አንዱ ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሦስተኛው ቨርጂኒያ እየኖሩ አዲስ አበባ ቤት ሊሠሩ ካሰቡ አንባቢ የመጣ ነው። ሥራዬ በዚሁ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ኃይል በየት በኩል እንደሚባክን መመርመር ነው። ብዙ ወገኖቼ ቤት ገብቻለሁ። ሰዎቻችንን ወደ ኋላ የሚይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ማንን እንደሚያምኑ አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ መልሶቼ ሁሉ ወደዚያው ያመራሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ አባል ነኝ። አንድ የሶላር ኩባንያ ሻጭ መጥቶ፣ «ፓነሉን በነፃ እንተክላለን፤ እናንተ ለ25 ዓመት መብራቱን ከእኛ በቅናሽ ትገዛላችሁ» አለን። ግማሹ ኮሚቴ ዛሬውኑ እንፈርም ይላል። ግማሹ ፈርቷል። ካውንቲው የሚረዳን ነገር ይኖር ይሆን? ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችም አሉ ሲባል ሰምተናል፤ እነሱስ ምን ይጠቅሙናል? (የኮሚቴ አባል፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በመጀመሪያ የፈሩትን አትቆጧቸው። ሻጩ ያቀረበላችሁ ነገር ግን ማጭበርበር አይደለም፤ በሰፊው የሚሠራበት ውል ነው። የፓነሉ ባለቤት ኩባንያው ይሆናል። ከመንግሥት የሚገኘውን የታክስ ጥቅም እሱ ይወስዳል። ፓነሉ በሚያመነጨው ኃይል ልክ የሚሰጠውን የሶላር ሰርተፍኬትም እሱ ይሸጣል። እናንተ ጣሪያችሁን ሰጥታችሁ መብራት በርከስ ባለ ዋጋ ታገኛላችሁ። ጥሩ ውል ሊሆን ይችላል፣ መጥፎም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ሻጩ ፈጠን ብሎ በሚያልፋቸው ገጾች ላይ ነው።

እነዚያን ገጾች ስታገኙ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው በየዓመቱ በስንት በመቶ ይጨምራል? በየዓመቱ 3 በመቶ እየጨመረ ከሄደ፣ ዛሬ ቅናሽ የሆነው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከመብራት ድርጅቱ ከፔፕኮ ሊወደድ ይችላል። ጣሪያው መቀየር ሲያስፈልገው ፓነሉን የሚያነሳውና መልሶ የሚተክለው ማን ነው? በማን ወጪ? ምእመኑ በዝቶ ሕንፃውን ሸጣችሁ ሰፋ ወዳለ ቦታ ብትሄዱ ውሉ ምን ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ለኛ አብያተ ክርስቲያናት ወሳኝ ነው። ብዙዎቹ የገዙትን የመጀመሪያ ሕንፃ ጥቂት ዓመት ተገልግለውበት ይጠብባቸዋል። ጣሪያችሁስ ስንት ዓመቱ ነው? የሺንግል ጣሪያ ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው መጀመሪያ እሱን ቀይሩት። 25 ዓመት የሚቆይ ፓነል አምስት ዓመት በቀረው ጣሪያ ላይ አይሰቀልም።

አሁን ወደ ካውንቲው ልምጣ። ሞንጎመሪ ካውንቲ በአገሪቱ የመጀመሪያው የካውንቲ ግሪን ባንክ (ለሶላርና ለኃይል ቁጠባ ሥራ ብድር የሚያመቻች ተቋም) ያለው ነው። ባንኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ፔፕኮ ኤክሰሎን ከተባለው ትልቅ የኃይል ኩባንያ ጋር በተዋሐደበት ወቅት ነው። የመነሻ ገንዘቡም ከዚያ ውሕደት ስምምነት የመጣ ነው። ባንክ ቢባልም ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ካውንቲው እውቅና ሰጥቶታል። ከግል አበዳሪዎችና ከሥራ ተቋራጮች ጋር ይሠራል። እነዚህ አበዳሪዎች ብቻቸውን ቢሆኑ ለአነስተኛ ተቋማት የሶላርና የኃይል ቁጠባ ሥራ ለማበደር ያመነታሉ። ግሪን ባንኩ ከጎናቸው ሲቆም ስጋታቸው ይቀንሳል። ኮሚቴያችሁ የመጀመሪያውን ስልክ እዚያ ይደውል።

ለትርፍ ያልተቋቋሙት ምን ይጠቅማሉ ላሉት፣ እኔ የማየው እንዲህ ነው። መንግሥት ሕግና ገንዘብ አለው። ኩባንያው ሙያተኛና ዕቃ አለው። ሁለቱም ግን አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ውሉን አብሯችሁ የሚያነብ ሰው የላቸውም። ያ ሰው ከሦስተኛው ወገን ነው የሚመጣው። በዚህ አካባቢ ኢንተርፌይዝ ፓወር ኤንድ ላይት የሚባል ድርጅት አለ፤ ሥራው ከአምልኮ ቤቶች ጋር ነው። ኮሚዩኒቲ ፐርቼሲንግ አላያንስ የሚባለው ደግሞ አብያተ ክርስቲያናትንና ትምህርት ቤቶችን አሰባስቦ ዕቃና አገልግሎት በጋራ ያስገዛል። አንድ ጣሪያ ይዞ የሚደራደር ኮሚቴና አሥር ጣሪያ ይዞ የሚደራደር ስብስብ እኩል ዋጋ አይሰጣቸውም። እቁብና እድር የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ይሄ አዲስ ነገር ሊሆንብን አይገባም። በዚህ አካባቢ ያሉ የኛ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች አንድ ላይ ሆነው ጨረታ ቢያወጡ በጣም ደስ ይለኛል። የእርስዎ ኮሚቴ ቢጀምረውስ?

ለሦስተኛው ወገንም ቢሆን ጭፍን እምነት አትስጡ። «የእናንተን ደመወዝ ማን ይከፍላል? ኮንትራክተሩ ሥራ ሲያገኝ እናንተ የምታገኙት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨዋ ድርጅት በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

ሌላም አማራጭ አለ፤ ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። ፓነሉን ራሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ቀድሞ ታክስ የማይከፍል ተቋም ከታክስ ቅናሽ ምንም አይደርሰውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ግን አብያተ ክርስቲያናትን ጨምሮ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ተቋማት ከሶላሩ ወጪ 30 በመቶ ያህሉን ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ ክፍያ ማግኘት ቻሉ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጊዜውን አሳጥሮታል። ግንባታው እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ያልተጀመረ ሶላር እስከ 2027 መጨረሻ ተጠናቆ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ፓነሉ ከየት አገር እንደመጣ የሚጠይቅ ደንብም ተጨምሯል። ስለዚህ የሂሳብ ባለሙያችሁን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ አስገቡት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ዲሲ ውስጥ አፓርታማ ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ሕንፃችን ታድሶ «ግሪን» ሆነ ተብሎ ሪባን ተቆረጠ። ቤቱ ክረምት ላይ ይሞቃል፣ አልዋሽም። ግን ቡና ስቆላ ጭሱ መውጫ የለውም፤ አላርሙ ይጮኻል። እንጀራ ስጋግር መስኮቱ በላብ ይሸፈናል። ለመሆኑ ይሄ ግሪን የሚሉት ለማን ነው የተሠራው? ደግሞ ለተከራይ የሚሆን የሶላር ቅናሽ አለ ይባላል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ተሰርዟል አለኝ። የቱ ነው እውነቱ? (እናት፣ ዲሲ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለአንቺም ነው መሠራት ያለበት። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ምክንያቱም ይህንኑ ችግር በየሳምንቱ አየዋለሁ።

ቤትሽ የሞቀው ክፍተቱ ስለተደፈነ ነው። እኛ ስንመረምር በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመን አየሩን ወደ ውጭ እናስወጣለን፤ ከዚያ በየት በኩል ነፋስ እንደሚገባ እንለካለን። የድሮ ቤት በመስኮት ጠርዝ፣ በሶኬት ቀዳዳ፣ በቧንቧ ዙሪያ ያስገባል። ያ ሲደፈን ሙቀቱ ይቆያል። ጭሱና እንፋሎቱም ግን አብረው ይቆያሉ። ስለዚህ የደፈነ ሰው መተንፈሻ መሥራት ግዴታው ነው። ደግነት አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ነው።

ደንቡም ይህንኑ ይላል። ኢንተርፕራይዝ የሚባል በሜሪላንድ የተመሠረተ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሌሎች ጋር ሆኖ ግሪን ኮሚዩኒቲስ የተባለ መመዘኛ አወጣ። መመዘኛው የተዘጋጀው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ለሚሠሩ ቤቶች ነው። ከኃይል ቁጠባ ሌላ የነዋሪውን ጤናም ይመለከታል። ዲሲ በ2006 የግሪን ሕንፃ ሕጉን ሲያወጣ፣ የከተማው ገንዘብ የሚገባባቸው ትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ይህን መመዘኛ ወይም ተመሳሳዩን እንዲያሟሉ አዘዘ። ልብ በይ፤ መመዘኛውን የጻፈው ድርጅት ነው፤ ሕግ ያደረገው መንግሥት ነው፤ የሚሠራው የግል ገንቢ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ሥራው ያምራል። አንዱ ካልተከታተለ ደግሞ አንቺ ቤት እንደሆነው ይሆናል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ የምድጃሽ መምጠጫ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑን እይ። ብዙ አፓርታማ ውስጥ ያለው አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ኩሽና ውስጥ መልሶ የሚለቅ ነው። ለቡና ጭስ እሱ ምንም አይረባም። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ አብሪና አንድ ሶፍት አስጠጊበት። ሶፍቱን ስቦ ካልያዘው ማራገቢያው ለስሙ ነው የሚዞረው። በአሜሪካ የአየር ማስወጫ ደረጃ መሠረት እንደ አስፈላጊነቱ የሚበራ የኩሽና መምጠጫ ቢያንስ በደቂቃ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ 50 ማውጣት አለበት። ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ፣ «እባካችሁ ለክታችሁ ቁጥሩን ንገሩኝ» በያቸው። ደግሞም «ሕንፃው የከተማ ገንዘብ አግኝቷል ወይ? በየትኛው መመዘኛ ነው የታደሰው?» ብለሽ ጠይቂ። ብቻሽን አትጻፊ። ጎረቤቶችሽን አስፈርሚ።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። መመዘኛው ገና ዲዛይኑ ሲወጠን የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲወያዩ ያዛል። እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ሲጠሩ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሥራ ላይ ነን፤ ማስታወቂያውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ እንጀራ የሚጋገርበትና በየቀኑ ቡና የሚቆላበት ኩሽና መኖሩን የሚናገርላቸው አያገኙም። ቀጣዩ ስብሰባ ሲጠራ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲ ውስጥ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያውቋቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሶላሩን በተመለከተ፣ የሁለታችሁም ወሬ ከእውነት ተነስቷል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። በኦገስት 2025 የተሰረዘው የፌዴራሉ «ሶላር ፎር ኦል» ነው። የዲሲው «ሶላር ፎር ኦል» ከተማዋ ራሷ በ2016 ባወጣችው ሕግ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው በሕግ የታዘዘባቸውን የሶላር ድርሻ ካላሟሉ የመብራት ሻጮች ክፍያ ነው። ግቡ እስከ 2032 የ100,000 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን የመብራት ቢል በግማሽ መቀነስ ነው። የራስሽ ጣሪያ አያስፈልግሽም። ፓነሉ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ድርሻሽ ፔፕኮ ቢልሽ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይመጣል። ዋርድ 8 ኦክሰን ረን የተተከለው ለወደ 750 ቤተሰቦች የሚሆን ነው።

የሚጠየቀው ገቢሽ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ክፍት ቦታ መኖሩን የዲሲ የኃይልና የአካባቢ መሥሪያ ቤትን ጠይቂ። ለመመዝገብ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። በር አንኳኩቶ ብር የሚጠይቅሽ ካለ መታወቂያውን ፎቶ አንሺና በሩን ዝጊ።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ አዘጋጅ። አያት አካባቢ ጂ ፕላስ 2 ቤት ልጀምር ነው። እዚህ እንደማየው ዘመናዊና አካባቢን የማይጎዳ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የግድግዳ ኢንሱሌሽኑንና መስኮቱን ከዚሁ በኮንቴይነር ልጫን? የግሪን ሰርተፍኬትስ ያስፈልገኛል? (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ አባቴ፣ አይጫኑ። እዚህ ግድግዳ የምናለብሰው ጃንዋሪ ላይ ውሃ በረዶ እስኪሆን ስለሚበርድ፣ ጁላይ ላይ ደግሞ ስለሚያቃጥል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ብርድ ቢኖርም የማታ ብርድ ነው። ቀን ፀሐይ የምትገባበት መስኮት፣ በር ስር ነፋስ የማያስገባ ጥሩ አናጢ፣ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃዎታል። የኮንቴይነሩን ገንዘብ ለውሃ ማጠራቀሚያ ያውሉት። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያዎ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልትና ለእጥበት ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲሠራ በይበልጥ አካባቢን የሚነካው ሲሚንቶና ብረት ነው። መብራቱ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶዎን ዓይነት ይምረጡ። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ የሚባለው ድብልቅ ሲሚንቶ ይበቃል፤ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣው ፑሚስ የተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚቀላቀልበት፣ በምድጃ የሚቃጠለው የሲሚንቶ ዋና ክፍል (ክሊንከር) ያነሰ ነው። ኦፒሲ የሚባለውን ያልተደባለቀ ሲሚንቶ ለአምድና ለቢም ያቆዩት። መሐንዲስዎ ይወስንልዎት።

ሰርተፍኬት ከፈለጉ ኤጅ የሚባለው የዓለም ባንክ ቡድን መመዘኛ በኢትዮጵያም ይሠራል። በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ላይ ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። ለአንድ ቤተሰብ ቤት ግን ወጪውን አልመክርም። ለሪል እስቴት ወይም ለሆቴል ይሁን።

ይልቅ አንድ የሚያዩት ምሳሌ አለ። የአዲስ አበባ አስተዳደርና የጀርመን መንግሥት የልማት ድርጅት ጂቲዜድ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦሌ ገርጂ ላይ የኮንዶሚኒየም ሙከራ አድርገው ነበር። ሲሚንቶና ብረት የሚቆጥበውን አሠራር፣ ማለትም አስቀድሞ የተሠራ ቢምና ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ያለበትን ወለል፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች እንዲያመርቱት አደረጉ። በኮንዶሚኒየሞቹ ላይ ብዙ ቅሬታ አለ፤ ብዙውም ተገቢ ነው። ብሎኬት አምራቾቹ ግን ሙያ ይዘው ቀሩ። እርስዎም ከእንደዚህ ያሉ ማኅበራት ይግዙ። ሲገዙ ከየጭነቱ ጥቂት ብሎኬት ወስደው ጥንካሬውን ላቦራቶሪ ያስፈትሹ፤ ውሃ ጠጥቶ በቂ ቀን ያልቆየ ብሎኬት ካለ ይመልሱ። የጭቃ ቤት ምን ያህል ሊያምር እንደሚችል ማየት ከፈለጉ ደግሞ፣ ቤቱን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ከሰዓት መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሄደው ግድግዳውን በእጅዎ ይንኩት።