መኝታ ቤቱን የሚያረጥበው ጓሮው ነው

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ቤታችን ከጦሳ ግርጌ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ መሠረቱ ድንጋይ። በጓሮ በኩል ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ ክረምት በገባ ቁጥር ይረጥባል። ቀለሙ ያብጥና ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ልብስ ሳይቀር ሻገተ። ሁለት ጊዜ አስፍቄ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ባለፈው ደግሞ የዘይት ቀለም አስቀባሁት። ፊት እስከ ጉልበት ነበር፣ ዘንድሮ ወገብ ደረሰ። ጓሮው ጠባብ ነው፤ በጓሮ በር ስንገባም ሁለት ደረጃ ወርደን ነው። የትኛው የእርጥበት መከላከያ ቀለም ይሻለኛል?»

እትዬ፣ ለጊዜው ምንም ቀለም አይግዙ።

ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሁለቱ ደረጃ ላይ ነው። ወደ ቤት ወርደው ከገቡ የጓሮው አፈር ከመኝታ ቤቱ ወለል በላይ ነው ማለት ነው። ሁለት ደረጃ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያን ያህል ግድግዳ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ደሴ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ከተማው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ቤት ለማቆም ቁልቁለቱን ቆርጦ መደልደል ግድ ነው። ከዚያ ባለቤቱ ዓመት በዓመት ጓሮው ላይ ትንሽ አፈር፣ ትንሽ ጠጠር፣ አንድ ዙር ሲሚንቶ ይጨምርበታል። ጓሮው ከፍ ይላል፣ ወለሉ ባለበት ይቀራል።

ክረምት ላይ ከላይ የሚመጣው ውሃ ሁሉ በቦይ አይሄድም። ብዙው አፈር ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል፣ ግድግዳዎ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ብሎኬት ደግሞ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ውሃው ወደ ክፍሉ ወጥቶ ሲደርቅ ይዞት የመጣው ጨው ይቀራል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። የዘይት ቀለሙ የመድረቂያውን በር ዘጋበት። ታች መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ወጣ፣ ወገብ የደረሰውም ለዚህ ነው። ወፍራም የሲሚንቶ ልስንም ያው ነው፤ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቆመውም።

ዶማ ከማንሳትዎ በፊት ግን ሌላ ምክንያት እንደሌለ ያረጋግጡ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ እርጥበቱ ወቅት አይመርጥም፣ በጋም አለ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ማታ ሁሉንም ቧንቧና ወደ ሮቶው የሚገባውን መስመር ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። ጠዋት ቁጥሩ ከጨመረ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ። የሮቶው ውሃም ሌሊቱን ዝቅ ማለት አለማለቱን ምልክት አድርገው ይዩ። እርጥበቱ ከጣሪያ ሥር ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ አሸንዳውን ወይም ቆርቆሮውን ያስፈትሹ። ሽታ ካለው ደግሞ ከላይ ያለው ጎረቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነገሩ የግንበኛ ሳይሆን የሽማግሌ ነው፤ ቡና አፍልተው ጎረቤትዎን ይጥሩ።

የደሴ ብርድ ራሱ ግድግዳ ያረጥባል። ክረምት ላይ መስኮት ዘግተን እናበስላለን፣ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ እናሰጣለን። ያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ጠል ይሆናል። መለያው ቀላል ነው። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከታየ ከአየሩ የመጣ ነው፣ መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው። (በነገራችን ላይ ክፍሉን ለማድረቅ ብለው ከሰል አቀጣጥለው በር አይዝጉ። ሰው ይገድላል።) ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችሁ ሙቀት ላይ ስለሆናችሁ የጠሉ ነገር ብዙም አያሳስባችሁም። እናንተ ግቢ የሚተኛውን ውሃ ጠብቁ።

የእርስዎ ግን ከታች የሚነሳና ክረምት ብቻ የሚብስ፣ ጨውም ያለው ነው። እኔ የጓሮው አፈር ነው እላለሁ።

እንግዲህ ሥራው ውጭ ነው። ከግድግዳው ጎን ለጎን ግማሽ ሜትር የሚሆን ስፋት ያስቆፍሩ። ጥልቀቱ ከመኝታ ቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ 20 ቢሆን ደስ ይለኛል። ከጓሮው ላይ ሲለካ ግማሽ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አይክፈቱ፤ ሜትር ከግማሽ እየከፈሉ ይሂዱ፣ ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ግን በፍጹም አይውረዱ። ጊዜው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በክረምት ተዳፋት ሥር መቆፈር አፈር መጋበዝ ነው።

በአፈሩ በኩል ትንሽ የድንጋይ ግንብ ይሠራ። ከጀርባው ጠጠር ይሙሉ፣ በየሜትር ከግማሹ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ይለፍበት። ግንበኞች ይህችን ቱቦ ይረሷታል፤ ቆመው ያሠሯት። ያለ እሷ ግንቡ ውሃ አቁሮ በሁለት ሦስት ክረምት ይገፋል። ግንቡ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይየው።

አሁን በግንቡና በቤቱ መካከል ክፍት ቦይ አለ። ወለሉን በሲሚንቶ ያስመቱ፣ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። «በዓይን ይበቃል» የሚል ካለ አይስሙት፣ ውሃ ልክ ያስይዙት። መጨረሻው የመንገድ ቦይ ይሁን እንጂ የታችኛው ጎረቤት ግድግዳ አይሁን። የጓሮውን ጣሪያ ውሃም አሸንዳ አስገጥመው እዚሁ ቦይ ውስጥ ያውርዱት። «ጓሮው ጠባብ ነው» ላሉኝ፣ ቦዩን በፍርግርግ ብረት ቢከድኑት ላዩ ላይ ይሄዱበታል። በአፈር መልሰው ግን አይሙሉት።

ቁፋሮው እንዳለቀ የውስጡን ልስን እርጥበቱ ከደረሰበት ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው እስከ ብሎኬቱ ያስነሱት። ጨው የጠጣ ልስን ውሃው ቢቆም እንኳ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በውሃ ካጠቡት ጨው መልሰው ማስገባትዎ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር የሚለው የተለመደ ግምት ነው፤ ሁለቱም ፊት አየር ካገኘ ይፈጥናል። ጥቅምት ከጀመሩ ቢያንስ እስከ መጋቢት ይታገሱ። በልግ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ቦዩ መሥራት አለመሥራቱን ያዩበታል። ልስኑ 1 ሲሚንቶ፣ 1 በውሃ የበረደ ኖራ፣ 6 የታጠበ አሸዋ ይሁን። ታችኛው ክፍል ላይ ጅብሰም አያስነኩ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይላሽቃል። ቀለሙም የውሃ ቀለም ይሁን።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ ቦዩን እንዲሁ አድርጉ፣ ግን ሲሚንቶ አታስለስኑ። ውሃው ውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ጭቃ በጭድ፣ ከላይ ኖራ ይበቃል።

ቀለም ከመቀባትዎ በፊት የላስቲኩን ነገር አንዴ ይድገሙት። ከጀርባው ደረቅ ከሆነ ይቀቡ። ቁም ሳጥኑን ሲመልሱም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት፣ በጀርባው አየር ይለፍ።