ከጥርኝ እስከ ግመል፦ ስለ ገዳዮቹ ኮሮናቫይረሶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ብዙ ዘመኔን ከግመል ጋር ነው ያሳለፍኩት። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው የሚገድሉት ኮሮናቫይረሶች ስንት ናቸው?

መልስ፦ ሰውን እንደሚይዙ በደንብ የሚታወቁት ሰባት ናቸው። አራቱ በአብዛኛው ተራ ጉንፋን ያመጣሉ። አስፈሪዎቹ ሳንባን ክፉኛ የሚያጠቁት የሳርስ፣ የመርስና የኮቪድ-19 ቫይረሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳርስ ከጥርኝ መጣ ሲባል ሰምቻለሁ። የኛዋ ጥርኝ ናት?

መልስ፦ አይደለችም፣ ዝባድ የምትሰጠው ጥርኝ ሌላ ናት። በ2002 መጨረሻ በሽታው በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ሲነሳ ገበያ ላይ ለምግብ ይሸጥ የነበረው የሩቅ ዘመዷ ነው። እሱም መሸጋገሪያ እንጂ ምንጭ አልነበረም። ተመራማሪዎች ዓመታት ዋሻ ለዋሻ ዞረው የቫይረሱን የቅርብ ዘመዶች ዩናን በተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር የሌሊት ወፎች ላይ አገኙ። ዓለምን ያዳረሰው ግን ሰው ነው። በየካቲት 2003 አንድ የታመመ ሐኪም ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሆቴል 9ኛ ፎቅ ላይ አደረ። እዚያ የነበሩ እንግዶች በሽታውን ወደ ቬትናም፣ ሲንጋፖርና ካናዳ ይዘውት ሄዱ። 8,096 ሰው ታመመ፣ 774 ሞተ። የቆመው ያለ ክትባት ነው። ታማሚው በብዛት የሚያስተላልፈው በጠና ከታመመ በኋላ ስለነበር ለይቶ ማቆየት ሠራ። ኮቪድ ግን ምልክት ሳይታይም ስለሚተላለፍ ይህን ዕድል ነፈገን።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው። መርስ እዚህ ተገኘ ይባላል። እውነት የግመል በሽታ ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ። በሰኔ 2012 ጅዳ ሆስፒታል የገባ የ60 ዓመት ሰው ሞተ። ዶክተር አሊ መሐመድ ዛኪ የሚባሉ ግብፃዊ የቫይረስ ባለሙያ ናሙናውን ሮተርዳም፣ ኢራስመስ የሕክምና ማዕከል ላኩት፤ አዲስ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የቆየ ናሙና ሲመረመር በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዮርዳኖስ፣ ዛርቃ ውስጥም ሰው ይዞ እንደነበር ታወቀ። ግመሉን ራሱ ብዙም አያሳምመውም፣ አፍንጫው ፈሳሽ ያወጣል። በተለይ ግልገሎቹ ቫይረሱን ይዘው ይገኛሉ። ከሰው ወደ ሰው በብዛት የተላለፈው ሆስፒታል ውስጥ ነው። በ2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ ኮሪያ ከተመለሰ አንድ መንገደኛ ተነስቶ 186 ሰው ተያዘ፣ 38ቱ ሞቱ። እስካሁን ከታወቁት በሽተኞች ከሦስት አንዱ በላይ ሞቷል። ሳልና ትኩሳት ይዞሽ ክሊኒክ ስትሄጂ፣ ግመል ነክተሽ ከሆነ ሳትጠየቂ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ጅግጅጋ ግመል አርቢዎች ነን። የኛም ግመሎች አላቸው? ወተቱን እንተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል፤ ግመል ለእናንተ ኑሮ ነው። በ1983 ከሶማሊያና ከሱዳን ግመሎች ተወስዶ የተቀመጠ ደም ሲመረመር ሰውነታቸው ቫይረሱን እንደሚያውቀው ታይቷል። ኢትዮጵያም ውስጥ ከተመረመሩት ከ10 ግመል ከ9 በላይ የሚሆኑት ያለፈባቸው ናቸው። አዲስ መጤ አይደለም ማለት ነው። ደግነቱ የአፍሪካ ግመሎች የሚይዙት ዓይነት ከአረቢያው ይለያል። ላብራቶሪ ውስጥ በሰው ሳንባ ላይ ሲሞከር የመራባት አቅሙ ደከም ብሎ ተገኝቷል። ወተቱን አትተዉ፣ አፍሉት። ዕቃውን በጭስ ማጠን ጥሩ ባህል ነው፣ ማፍላትን ግን አይተካም። ስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰውና አዛውንት አፍንጫው የሚፈስ ግልገል ባይዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኮቪድስ ከላብራቶሪ ነው የወጣው?

መልስ፦ እኔን የሚያሳምነኝ የዱር እንስሳት በቁማቸው ይሸጡበት የነበረው የውሃኑ ሁዋናን ገበያ ማስረጃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ብዙዎቹ ገበያው ውስጥና አካባቢው ነበሩ። ቅርብ ዘመዶቹም ላኦስ ውስጥ የሌሊት ወፎች ላይ ተገኝተዋል። ያሻገረው እንስሳ ግን አልተያዘም፣ ክርክሩም አልተዘጋም።

ጥያቄ፦ የኛ ግመሎች ወደ ሳዑዲ በመርከብ ይሄዳሉ። የአፍሪካውና የአረቢያው የመርስ ዓይነት ቢገናኙስ?

መልስ፦ እኔም የምፈራው ይህንን ነው። ኮሮናቫይረሶች ሲባዙ ከሚሠሩት ስህተት ሌላ፣ ሁለቱ አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። የኮሪያውን ወረርሽኝ ያስነሳው ዓይነት ራሱ እንዲህ ከመቀላቀል የመጣ ነው። ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ለይቶ በአንድ ግቢ ከማጨቅ በፊት፣ በሚጫኑበት ወደብ ከአፍንጫቸው ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።