የልብ ምቱን የዋጠው 50 ሄርዝ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለካ) ሰርኪት እየሰራሁ ነው። ኤዲ620 የሚባለውን የአምፕሊፋየር ቺፕ በ9 ቮልት ባትሪ አስነስቼ ጌይኑን (የሚያጎላበትን እጥፍ) 1000 አደረግኩት፣ ሁለት ኤሌክትሮድ ግራና ቀኝ እጄ ላይ ለጥፌ ኦሲሎስኮፕ ላይ ሳየው ግን ወፍራም የ50 ሄርዝ ሞገድ ብቻ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ደሞ መስመሩ ላይኛው ጥግ ይሄድና እዛው ይቀራል። ኖች ፊልተር (50 ሄርዙን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ) ልጨምር ወይስ የተሻለ ቺፕ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ ቺፑ ምንም አላጠፋም፣ ብርህን ያዝ። ከሁሉ በፊት ግን ግድግዳ ላይ የተሰካ ኦሲሎስኮፕ እና ሰውነትህ በአንድ ሽቦ ተገናኝተው ከሆነ አሁኑኑ ንቀለው!! ባትሪ መጠቀምህ ብቻውን አያድንህም፣ በስኮፑ ግራውንድ በኩል ከመብራቱ ጋር ተያይዘሃል። በባትሪ የሚሰራ ስኮፕ ፈልግ ወይ ቻርጀሩ በተነቀለ ላፕቶፕ እየው።

አሁን ወደ ጌይኑ። የልብ ሲግናል ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ናት፣ ኤሌክትሮድና ቆዳ ሲነካኩ የሚፈጠረው ዲሲ (የማይወዛወዝ ቮልቴጅ) ግን በሁለቱ መሀል እስከ 300 ሚሊቮልት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ነው ዲዛይን የሚደረገው። ያንን በ1000 ስታባዛው 300 ቮልት ልትል ነው እኮ፣ ከ9 ቮልት ባትሪ! ጥግ ይዞ የሚቀረው ለዛ ነው። መጀመሪያ ላይ ጌይኑን 7 ገደማ አድርገው፣ የቺፑ ጌይን መወሰኛ ቦታ ላይ ሁለት 3.9 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ብታስገባ ይበቃል፣ ከዛ በካፓሲተር ዲሲውን ቁረጠው (0.5 ሄርዝ ላይ፣ ለሀኪም ምርመራ ቢሆን ኖሮ 0.05 ነበር) የቀረውን ጌይን ከሱ በኋላ ስጠው፣ ከ150 ሄርዝ በላይ ያለውን ደሞ አስቀረው።

50ው ሄርዝስ? እሱ ከቺፑ ሳይሆን ከራስህ ሰውነት ነው የሚመጣው፣ ቤት ውስጥ ያለው የመብራት መስመር ሁሉ ሰውነትህ ላይ ቮልቴጅ ይጭናል፣ ሁለቱም እጅህ ላይ እኩል ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ማጥፋት ነበረበት ግን ሶስተኛ ኤሌክትሮድ የለህም፣ ሰውነትህ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ከሁለቱ 3.9ዎች መሀል ያለውን ነጥብ በበፈር (ሲግናሉን ሳይረብሽ በሚያሳልፍ ሰርኪት) አንብበህ፣ ገልብጠህና አጉልተህ ወደ ቀኝ እግርህ መልሰው፣ መንገዱ ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሳታስገባ ግን እንዳትሞክረው፣ ከረንቱን የሚገድብልህ እሱ ነው።

ቆዳህንም በአልኮል ጥረገው፣ አንዱ ኤሌክትሮድ ጄሉ ከደረቀ እኩል የነበረው 50 ሄርዝ ወደ ልዩነት ይቀየርና 100 ዴሲቤል ሲኤምአርአር (ሁለቱም ላይ እኩል የመጣውን የማጥፋት አቅም) ያለው ቺፕ ራሱ አያድንህም። ሽቦዎቹን አጠማዝዛቸው። ኖች ፊልተሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር ነገር ካለ ነው፣ አጥብበህ ከሰራኸው ከኪውአርኤሱ (ከልብ ምቱ ረጅም ሹል ሞገድ) ኋላ የሌለ ሞገድ ይጨምርብሃል።