መልስ፦ በዓመት ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ለማይችል ቤተሰብ የአሜሪካ ኮሌጅ አመራረጥ

ሰላም ለእርስዎ። ልጅዎ ከመረጠቻቸው 12 ኮሌጆች ስምንቱ የግዛት መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው ብለዋል። በእናንተ አቅም መጀመሪያ የሚሰረዙት እነሱ ናቸው። ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጡት እርዳታ ጥቂት ነው፤ 10 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ቢሰጧትስ የቀረውን ማን ይከፍላል?

በምትካቸው የተማሪውን የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ የግል ኮሌጆችን ትፈልግ። ይህ ለውጭ አመልካቾችም እንደሚሠራ በግልጽ መጻፉን ታረጋግጥ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ተማሪ ሲቀበሉ እርዳታ መጠየቁን አይመለከቱም፤ የሚቀበሉት ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከነሱ ሁለት ይበቃታል። አብዛኞቹ ሌሎች ኮሌጆች ይመለከታሉ። ታዲያ «እርዳታ አልፈልግም» ብሎ ገብቶ በኋላ መጠየቅ ይቻላል የሚል ምክር አይስሙ፤ ብዙዎቹ ለውጭ ተማሪ ያን በር ይዘጋሉ፣ ለቪዛም የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚመጣ ማስረጃ ይጠየቃል።

ገቢያችሁ ከቡና ከሆነ የአንድ ጥሩ ዓመት ሽያጭ ብቻ የገንዘብ እርዳታ መጠየቂያ ቅጹ ላይ ከሰፈረ አቅማችሁ ተጋንኖ ይታያል። መዋዠቁን በአጭር ደብዳቤ አስረዱ። የማመልከቻ ክፍያም በኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ በሚመለከትበት የኢንተርኔት መድረክ) በኩል ነፃ እንዲደረግላት ትጠይቅ።

ሕክምና ነው ሐሳቧ? አሜሪካ ውስጥ ከአራት ዓመት ዲግሪ በኋላ ነው የሚጀመረው፣ ለውጭ ዜጋ ደግሞ መግቢያውም ገንዘቡም ጠባብ ነው። እንዲያ ከሆነ እዚሁ ኢትዮጵያ ያለው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ምርጫዋ ቢሆን ይሻላል፤ በወጪ መጋራት ተምራ ክፍያውን ከተመረቀች በኋላ ትጀምራለች።