አብሽር የሚሏችሁ ጓደኞች ችሎት አይቆሙላችሁም

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በደሴና በኮምቦልቻ ችሎቶች በጥብቅና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሆኖም ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ «ጋሼ፣ እስራቱ በገደብ ሆኖልኛል፤ እንግዲህ አለቀ አይደል?» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። አላለቀም። ገደብ ማለት ግዴታ ተጥሎባችሁ ከእስር ውጭ መቆየት ነው እንጂ ነጻ መውጣት አይደለም።

ውሳኔ በሚነበብበት ቀን እናት ታለቅሳለች፣ የተከሳሹ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ዳኛው ግዴታዎቹን ሲዘረዝሩ ልብ ብሎ የሚሰማ የለም። ልጁ የሰማው «ወደ ቤትህ ሂድ» የምትለዋን ብቻ ነው። ፈርም ሲሉት ይፈርማል። ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭ አውጡና ልባችሁ ሲረጋ አንብቡት።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ስለ ገደብ የሚናገረው ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ነው። ገደብ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ጥፋተኛ ትባላላችሁ፣ ቅጣቱ ግን ሳይወሰን ይቆያል፤ የፈተናውን ጊዜ (ግዴታችሁን እየጠበቃችሁ የምትቆዩበትን) በደህና ካለፋችሁ የጥፋተኝነቱ ፍርድ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በሁለተኛው ቅጣቱ ተወስኖ አፈጻጸሙ ብቻ ይታገዳል፤ ብታልፉም ከእስሩ ትድናላችሁ እንጂ ጥፋተኝነቱ አይፋቅም። «ሪከርድህ ንጹህ ነው» የሚላችሁን ከማመናችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ እዩ። የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። በወጣትነት ረጅም ነው፤ ሰው ይረሳል። መዝገብ አይረሳም።

ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። በመጠጥ ቤት ጠብ ሰው አቁስሎ አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ በገደብ ሆነለት። ግዴታዎቹ ከባድ አልነበሩም፦ መጠጥ ቤት አለመግባት፣ በየወሩ ቀርቦ መፈረም፣ ለተጎዳው ሰው ካሣ በየጊዜው መክፈል፣ ሳያሳውቅ ከከተማ አለመውጣት። አጎቱ ዋስ ሆኑ። መጀመሪያ አንድ ወር ሳይፈርም ቀረ፤ ባጃጁ ተበላሽቶበት ነበር። ጓደኞቹ «አብሽር፣ ማን ያይሃል» አሉት። ቀጥሎ ሥራ አለ ሲባል በባቲ አድርጎ አፋር ውስጥ ወዳለችው ሎጊያ ወረደ፤ ለማንም አልተናገረም። ሲመለስ ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ካሣውን ግን አቋረጠ፤ በሠርግ ሰሞንም እዚያው የተጣላበት ቤት ተቀምጦ ታየ።

ዐቃቤ ሕግ ገደቡ ይነሳልኝ ብሎ አመለከተ። ልጁ አዲስ ወንጀል አልሠራም፤ «ምን አጠፋሁ?» የሚለውም ከልቡ ነበር። ነገሮቹ አንድ በአንድ ቢታዩ የሚታለፉ ናቸው። ተደርድረው ሲነበቡ ግን ንቀት ይመስላሉ፤ ዳኛ የሚያነባቸው ደግሞ ተደርድረው ነው። ፍርድ ቤት በግዴታ መጣስ ብቻ ወዲያው ወደ ማረሚያ ቤት አይልክም፤ ያስጠነቅቃል፣ ግዴታውን ሊያጠብቅ ወይም ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል። ሆን ብሎ አዲስ ወንጀል መሥራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ የተኛው ቅጣት ነቅቶ ከአዲሱ ጋር ይመጣል። የዚህ ልጅ ግን ማስጠንቀቂያው አንዴ ወጥቶ ስለነበር ገደቡ ተነሳ። በውጭ ያሳለፈው ጊዜ ከእስሩ አይቀነስለትም፤ የሚታሰብለት ከፍርድ በፊት የታሰረው ብቻ ነው። አጎቱም ለዋስትና ያስያዙት ገንዘብ ቀረ። እኔን ከልጁ ይልቅ ያሳዘኑኝ እሳቸው ናቸው።

ሎጊያ ሥራ ፍለጋ መውረድ ነውር አይደለም። ጣጣው ሳይናገሩ መውረዱ ነው። ግዴታው ከኑሯችሁ ጋር ካልሄደ (ሆቴል የሚሠራን ልጅ መጠጥ ካለበት አትድረስ ማለት እኔም ትክክል አይመስለኝም) በማመልከቻ ይሻሻልልኝ በሉ። ማመልከቻው ከመቅረታችሁ በፊት ከገባ ጥያቄ ነው፤ ከቀራችሁ በኋላ ከገባ ሰበብ ነው። ካሣ ስትከፍሉ ደረሰኝ ወይም የተፈረመበት ወረቀት ያዙ። እጅ በእጅ ሰጥቼዋለሁ የሚል ክርክር ስንት ጊዜ ሲወድቅ አይቻለሁ።

በወሎ ደግሞ የራሳችን ችግር አለ። አበጋሮች (የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች) ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ከተበዳዩ ቤተሰብ ጋር እርቅ ይወርዳል፤ ልጁም ነገሩ ያኔ የተዘጋ ይመስለዋል። እርቁ ትልቅ ነገር ነው፤ በጽሑፍ አድርጋችሁ ለፍርድ ቤት አቅርቡት፣ ዳኛው ይመዝንላችኋል። በመዝገቡ ላይ ያለውን ግዴታ የሚያነሳው ግን ያዘዘው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

መጥሪያ ከደረሳችሁ፣ ቀኑ ቢያልፍም፣ ፖሊስ ሳይፈልጋችሁ በራሳችሁ እግር ሂዱ። ዋሳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። ያመለጣችሁን ቀን ለመሸፈን የውሸት የሕክምና ወረቀት የሚሸጥላችሁ ሰው በፍርድ ቤቱ በር ላይ አይጠፋም፤ ያን ወረቀት የገዛ ልጅ ገደቡ ሊነሳበት ገብቶ በሐሰተኛ ሰነድ ሌላ ክስ ተሸክሞ ይወጣል።